ከክሊኒክ ማስታወሻ ወደ ሆስፒታል ሪፖርት የተሸጋገራችሁ የሕክምና ጸሐፊዎች፣ ምን ረዳችሁ?

አዲሷ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪሞች በድምፅ ቀድተው የሚልኩትን እየሰማሁ የምተይብ የሕክምና ትራንስክሪፕሽን ሠራተኛ ነኝ። እስካሁን በእጄ የሚገባው የተመላላሽ ክሊኒክ ማስታወሻ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ሕመሞቹም ይደጋገማሉ፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የመድኃኒት እድሳት። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጨረሻውን አውቀው ነበር።

አሁን ወደ ሆስፒታል ሥራ ተዛውሬያለሁ። የድንገተኛ ክፍል ማስታወሻ ጨርሼ ሳልተነፍስ የኩላሊት ስፔሻሊስት ምክክር ይከፈታል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት። እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ ቃላት፣ የራሱ ፍጥነት አለው። ከሁሉ የሚከብደኝ የቀዶ ሕክምናው ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ክፍል እንደወጣ በጥድፊያ ያስጽፋል፤ የሰማሁት ነገር የመሣሪያ ስም ይሁን የሰው ስም ወይም የክር ዓይነት መለየት ያቅተኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከሪፖርቶቹ የትኛውን አስቀድሜ ላጥና? ያልገባኝን ቃል መቼ ነው ክፍት የምተወው? ሐኪሙ ራሱ ሲሳሳትስ ምን አደርጋለሁ?

ነባር ጆሮ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የቀሩትን ሌሎች ይሻሉበታል።

በሆስፒታል ሥራ መሠረታዊ የሚባሉ አራት ሪፖርቶች አሉ፦ የሕመም ታሪክና የአካል ምርመራ፣ የስፔሻሊስት ምክክር፣ የቀዶ ሕክምና ሪፖርት እና የመውጫ ማጠቃለያ። ብዙዎች አራቱን ለየብቻ ሊያጠኑ ይሞክራሉ። በእኔ እምነት የመጀመሪያው የሌሎቹ ሁሉ ሥር ነውና ከእርሱ ጀምሪ። ታካሚው ለምን መጣ፣ ሕመሙ እንዴት ጀመረ፣ ከዚህ በፊት ምን ታሞ ነበር፣ ምን ቀዶ ተደርጎለታል፣ የትኛውን መድኃኒት ይወስዳል፣ የትኛው አይስማማውም፣ በቤተሰቡ ምን በሽታ አለ፣ ያጨሳል ወይ? ከዚያ ምርመራው ከራስ ጀምሮ ወደ እግር ይወርዳል፤ በመጨረሻም የሐኪሙ ግምገማና ዕቅድ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል አንዴ በአእምሮሽ ከተቀረጸ ጆሮሽ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሐኪሙ ሆድ ላይ ሲደርስ ስለ ልስላሴው፣ ሲነካ ስለማመሙ፣ ስለ አንጀት ድምፅና ስለ ጉበትና ጣፊያ መጠን ሊናገር መሆኑን ታውቂያለሽ። ድምፁ ቢንቋረርም «ሄፓቶስፕሌኖሜጋሊ» (የጉበትና የጣፊያ ማደግ) የሚለው ረጅም ቃል አያመልጥሽም፤ ቦታው እዚያ ነውና።

የስፔሻሊስት ምክክር ያው ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ተሰብስቦ ነው። የልብ ሐኪም ከተጠራ ሁሉን ነገር በደረቱ ሕመም በኩል ያየዋል። ክብደቱ ያለው በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው፤ ምክክሩን የጠየቀው ሐኪም ጊዜ ባይኖረው እንኳ ያንን ያነባል።

የመውጫ ማጠቃለያን ብዙ ጀማሪዎች ቀላል ነው ይላሉ። ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ታካሚው ወደ ቤቱ፣ ወደ ሌላ ሐኪም ወይም ወደ መንከባከቢያ ተቋም ሲሄድ አብሮት የሚሄደው ያ ወረቀት ነው። የመድኃኒት ዝርዝሩን ተቀባዩ ነርስ እንዳለ ገልብጦ ሊያዝበት ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ ይህንን ሪፖርት የሚያስጽፈው ብዙ ጊዜ ደክሞት፣ የበርካታ ቀናትን መዝገብ እያገላበጠ ነው። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ትሰሚያለሽ፤ ሐሳቡ ይቋረጣል፤ ስለ አንዱ ቀን የተናገረውን በሌላው ቀን ይደግመዋል። ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ ጣት ይፈጥናል፤ ትኩረት የሚላላው ያኔ ነው።

ክርና መርፌ፦

ከሥራዬ አብዛኛው የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ነው፤ ስለዚህ በሰፊው ብናገር አትቀየሙኝ።

አዲሷ ጸሐፊ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ሆኖም ከሁሉም ሪፖርቶች አስቀድሞ ሊገመት የሚችለው ይኸው የምትፈሪው ነው። ሰው ሕመሙን የሚተርክበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሐሞት ከረጢት የሚወጣበት መንገድ ግን ጥቂት ነው። ራስጌው የታወቀ ነው፦ ከቀዶው በፊት የተገመተው በሽታ፣ ከቀዶው በኋላ የታወቀው በሽታ፣ የተከናወነው ቀዶ፣ የቀዶ ሐኪሙና የረዳቱ ስም፣ የማደንዘዣው ዓይነት፣ የፈሰሰው ደም ግምት፣ ለምርመራ የተላከ ናሙና፣ የገጠመ ችግር ካለ እርሱ።

ከዚያ ትረካው ይጀምራል። ከረጢቱ በላፓሮስኮፕ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ሲወጣ ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሆዱ ተጠርጎ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። እምብርቱ አጠገብ ትንሽ ይቀደድና ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ግፊት 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ትሮካሮች፣ ማለትም መሣሪያ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች፣ ይገባሉ። ከረጢቱ ተይዞ ወደ ላይ ይሳባል። ሲስቲክ ደክት (የከረጢቱ ቱቦ) እና ሲስቲክ አርተሪ (የከረጢቱ ደም ቅዳ) ተለይተው ይታያሉ፤ በክሊፕ ተይዘው ይቆረጣሉ። ከረጢቱ በኤሌክትሪክ መተኮሻ ከጉበቱ ይላቀቅና በማውጫ ከረጢት ተደርጎ ይወጣል። የሚደማ ነገር አለመኖሩ ይታያል፤ ጋዙ ይለቀቃል፤ ፋሺያው (ከቆዳ ሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን)፣ ቀጥሎም ቆዳው ይሰፋል። የመርፌ፣ የጨርቅና የመሣሪያ ቆጠራ መስማማቱ ይነገራል። ታካሚው ወደ ማገገሚያ ክፍል ይሄዳል።

ይህን አንድ ጊዜ በቪዲዮ ብታዪው የቃላት ዝርዝር ይዘሽ ከምታጠኚው ይበልጥ ይጠቅምሻል። እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ በዓይነ ኅሊናሽ ካየሽ «ክሊፕ» የሚለውን ቃል «ግሪፕ» ብለሽ አትተይቢም። የምንተይበው የገባንን ያህል ነው፤ ለዚህ ነው የቀዶውን አካሄድ ማወቅ ከፍጥነት የሚቀድመው።

ስለ መሣሪያ ስሞች፣ ብዙዎቹ የሰው ስሞች ናቸው፦ ኬሊ፣ ኮከር፣ አሊስ፣ ባብኮክ፣ ደቤኪ፣ ሜትዘንባም። «ቦቪ» ሲሉ የኤሌክትሪክ መተኮሻውን ማለታቸው ነው። መሣሪያውን የሠራው ዊልያም ቦቪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በቀዶ ክፍል የተጠቀመበት ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግ ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ስሙ የሰው መሆኑን ስታውቂ በመዝገበ ቃላት ማሳደዱን ትተሽ የቀዶ መሣሪያ ዝርዝር ትከፍቻለሽ።

የስፌት ክር ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። 2-0፣ 3-0፣ 4-0 እየተባለ ሲሄድ ክሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፤ 4-0 ከ2-0 ይቀጥናል፤ ለዓይን ቀዶ እስከ 10-0 የሚደርስ አለ። ያለ ሰረዝ 1 ወይም 2 ከተባለ ግን ወፍራም ክር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ውፍረቱም ያድጋል። ስለዚህ 1 እና 1-0 አንድ አይደሉም። የአዋቂ ሰው የሆድ ፋሺያ በ4-0 ተሰፋ የሚል ነገር ከሰማሽ ድምፁን መልሺው፤ ለዚያ ቦታ በጣም ቀጭን ነው። ቆዳ በ4-0 ቢሰፋ ግን የተለመደ ነው።

ሁለተኛ ዓመት፦

ክርና መርፌ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ክሩን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። እኔም ጥያቄ አለኝ። የጉልበት ቀዶ ሪፖርት ላይ ራስጌው «ቀኝ ጉልበት» ይላል፤ ትረካው መሐል ላይ «ግራ» ይላል። ሐኪሙ እንዳለ ልጻፈው ወይስ ላስተካክለው?

አራሚው፦

ለሁለተኛ ዓመትም ለአዲሷ ጸሐፊም በአንድ ላይ ልመልስ፤ ጥያቄያችሁ አንድ ነውና። የምሠራው በጥራት ቁጥጥር ነው፤ የተተየበውን ከድምፁ ጋር አመሳክራለሁ።

ግራና ቀኝን በራሳችሁ ግምት አታስተካክሉ። ራስጌው ትክክል ነው ብላችሁ ትረካውን ብታርሙት፣ የተሳሳተው ራስጌው ሊሆን ይችላል። የሰማችሁትን በየቦታው እንዳለ ጻፉ፤ ምልክት አድርጋችሁ ለሐኪሙ ማስታወሻ አያይዙ፦ «በራስጌው ቀኝ፣ በትረካው ግራ ተብሏል፤ እባክዎ ያረጋግጡ» የሚል። የዕድሜ፣ የጾታ፣ የቀን፣ የመድኃኒት መጠን ግጭትም እንዲሁ ነው። ሰዋስው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ከተወው፣ ወይም ነጠላና ብዙ ቁጥር ካምታታ፣ ትርጉሙን ሳትነኩ አስተካክሉት፤ መመሪያው «የሰማኸውን ብቻ» የሚል ተቋም ካልሆነ በቀር።

ክፍት ቦታን በተመለከተ፣ ድምፁን ደጋግማችሁ ስሙ፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት፤ ትንሽ ወደፊት ሂዱና ቃሉን በኋላ በግልጽ ይደግመው እንደሆነ እዩ፤ የዚያኑ ሐኪም የቀድሞ ሪፖርቶች ማየት ከተፈቀደላችሁ እዩ። ከዚያ በኋላም ካልተያዘ ክፍት ተዉት፤ በድምፁ ላይ የሚገኝበትን ደቂቃና ሰከንድ፣ የሚመስለውንም ድምፅ ጻፉ። በግምት የተሞላ ቃል ለአንባቢው ከትክክለኛው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ማንም አይጠረጥረውም። ክፍት ቦታ ግን ራሱ ይጠይቃል።

ለምን እንደምጨቀጭቅ አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ዳኞች 140 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የፈረዱበት ጉዳይ አለ። ሐኪሙ በመውጫ ማጠቃለያው 8 ዩኒት ኢንሱሊን ብሎ ነበር፤ ሲተየብ 80 ሆነ። ታካሚዋ ወደ ተላኩበት ተቋም ሲደርሱ በወረቀቱ መሠረት ተሰጣቸው፤ ሕይወታቸውም አለፈ። ነባር ጆሮ የመውጫ ማጠቃለያን እፈራለሁ ማለታቸው ትክክል ነው። አንዲት ዜሮ ናት።

ስለ ዜሮ ካነሣን አይቀር፣ ጆይንት ኮሚሽን የሚባለው የአሜሪካ የጤና ተቋማት መዛኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በሕክምና መዝገብ ላይ እንዳይጻፉ የከለከላቸው አሕጽሮቶች አሉ። ለዩኒት የሚቆመውን ነጠላ ፊደል ብቻውን አትጻፉ፤ በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ወይም 4 ይመስላል፤ ቃሉን ሙሉ ጻፉት። «በየቀኑ» እና «በየሁለት ቀኑ» የሚባሉባቸውን የላቲን አሕጽሮቶችም በሙሉ ቃል ተኩ። የመድኃኒት መጠን 5 ሚሊግራም ከሆነ 5.0 አትበሉ፤ ነጥቡ ካልታየ 50 ይሆናል። ግማሽ ሚሊግራም ከሆነ ደግሞ 0.5 እንጂ ከነጥብ አትጀምሩ። የላቦራቶሪ ውጤትና በምስል የተለካ የእብጠት መጠን ግን ከነዜሮው ይጻፋል፤ እዚያ ዜሮዋ የልኬቱን ጥራት ታሳያለች።

ሐኪም በሥራ ላይ፦

በዚህ ውይይት ውስጥ ብገባ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ እናንተ የምትተይቡትን የማስጽፍ ነኝ።

አራሚው ስለ ክፍት ቦታ የተናገሩትን ከእኔ በኩል ላጠናክር። ሪፖርት ለፊርማ ሲመጣልኝ ብዙ ጊዜ ከሌሎች ሪፖርቶች ጋር ተከምሮ ነው። ለስላሳ ሆኖ የተጻፈ ጽሑፍ ዓይኔን ያሳልፈዋል፤ ከራሴ አፍ የወጣ ስለሚመስለኝ። ክፍት ቦታ ያለበት ላይ ግን እቆማለሁ። ክፍት ቦታ የትየባችሁን ድክመት ያሳያል ብሎ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ አዝናለሁ፤ እኔ ግን ክፍት ቦታ የሌለበትን፣ በድምፁ ግን ያልተናገርኩት መድኃኒት የገባበትን ሪፖርት ነው የምፈራው።

ማስታወሻችሁን አጭር አድርጉልን። «0፡47 ላይ የመድኃኒት ስም፤ ሃይድራላዚን ወይም ሃይድሮክሲዚን?» ካላችሁኝ ወዲያው እመልሳለሁ። አንዱ ለደም ግፊት ነው፤ ሌላው ለአለርጂና ለማሳከክ። ሁለቱን መለየት የሚችለው የታካሚው ሁኔታ ነው፤ ያም በሪፖርቱ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት የበሽታ ዝርዝሩን ተመልከቱ።

አዲሷ ጸሐፊ፦

ዶክተር፣ ስለ ቀናነትዎ አመሰግናለሁ። ከሐኪም አፍ ይህን መስማት ትልቅ ነገር ነው። ነባር ጆሮ፣ ክርና መርፌ፣ አራሚው፣ ሁላችሁንም።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት ላይ ሌላ ምን ልጠንቀቅ? ደግሞ አንዳንዶች ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም የተየበውን በማረም ብትጀምሪ ይቀልሻል ይሉኛል። እውነት ነው?

ድምፅና ጽሑፍ፦

አሁን የምሠራው በዋናነት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማረም ነው፤ ስለዚህ ምክሬ «አዎ፣ ከዚያ ጀምሪ» ነው። ግማሹ ተጽፎ ይመጣልሻል፤ የቃላቱ አጻጻፍ ዓይንሽ ላይ ይቀራል፤ ቅርጹን ከተዘጋጀው ታጠኚያለሽ። ጀማሪ ሳለሁ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጬ የተጨነቅኩትን ያህል ማንም እንዲጨነቅ አልፈልግም። ደግሞም ሥራው ወደዚያ እያደላ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ነባር ጆሮ፦

ወንድሜ፣ በአክብሮት እቃወምሃለሁ። አንተ ያ ሥራ የተሳካልህ ባዶ ገጽ ላይ ተጨንቀህ ስለተማርክ ነው። ፕሮግራሙ ሲሳሳት እንደ ጀማሪ አይንተባተብም። የተሳሳተውን ቃል በትክክለኛ ፊደል፣ በትክክለኛ ሰዋስው፣ ሙሉ እምነት ባለው ዓረፍተ ነገር አስቀምጦ ያልፋል። ሐኪሙ «ትኩሳት የለውም» ብሎ ፕሮግራሙ «ትኩሳት አለው» ብሎ ከጻፈው ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም፤ ሐሰት ሆነ እንጂ። «አስራ አምስት» እና «ሃምሳ» በእንግሊዝኛ ተቀራራቢ ናቸው፤ ፕሮግራሙ አንዱን ይመርጣል። ጆሮው ገና ያልሰላ ሰው ዓይኑ የተጻፈውን ካየ በኋላ ጆሮው ያንኑ ይሰማል። ይህን ሰው በጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ከባዶ ትተይብ፤ ማረሙ ይደርሳል።

ድምፅና ጽሑፍ፦

ዓይን ጆሮን ይመራል ያሉት ልክ ነው፤ በዚያ እስማማለሁ። እኔ ራሴ መድኃኒትና ቁጥር ያለበት መስመር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔን ከስክሪኑ አነሣለሁ፣ እሰማለሁ፣ ከዚያ ነው የማየው። ሆኖም አሠሪዎች ዛሬ ለጀማሪ ከባዶ የሚተየብ ሥራ እምብዛም አይሰጡም። የማይገኝን ነገር «መጀመሪያ ይህን» ማለት ሰውን ያለ ሥራ ያስቀራል። መሐከለኛ መንገድ አለ፦ የሥራ ሰዓቷ በማረም ቢያልፍም ለልምምድ ተብለው የተዘጋጁ፣ የእውነተኛ ታካሚ ያልሆኑ ድምፆችን በግሏ ከባዶ ትተይብ።

ነባር ጆሮ፦

ይህን እቀበላለሁ። ለልምምድ የሚሆነው ድምፅ ግን የተለያየ አነጋገር ያላቸው ሐኪሞች የተናገሩት ይሁን፤ በአንድ ጥርት ያለ ድምፅ የሰለጠነ ጆሮ ሆስፒታል ሲገባ ይደነግጣል።

ስለ ተመሳሳይ ቃላት፣ እህቴ፣ ከእኔ ዝርዝር ጥቂት ልስጥሽ። ዲስፌጂያ መዋጥ መቸገር ነው፤ ዲስፌዚያ ቋንቋን መጠቀም መቸገር። ስትሮክ የመታው ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ስለሚችሉ ከበሽታው ብቻ አትገምቺ፤ ቀጥሎ የተነገረው ስለ ምግብ ነው ወይስ ስለ ንግግር? ኢሊየም የሚባሉ ሁለት ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው፤ አንዱ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ሌላው የዳሌ አጥንት፤ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ፔሮኒያል በታችኛው እግር ያለ ነርቭ ነው፤ ፔሪኒያል በጭኖች መካከል ያለው አካባቢ። አብዳክሽን እጅን ወይም እግርን ከሰውነት ማራቅ፣ አዳክሽን ማቅረብ። ጥንቁቅ ሐኪም ሁለቱን ፊደል በፊደል ይጠራቸዋል፤ የማይጠራም አለ። ከመድኃኒት ደግሞ ሴሌብሬክስ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሴሌክሳ ለድብርት፣ ሰረቢክስ ለሚጥል በሽታ።

ናሙና፦

ስለ ፓቶሎጂ ማንም እስካሁን አልተናገረም፤ በዚያ ክፍል ስለምሠራ ጥቂት ልበል። ከቀዶ ክፍል የተላከው ናሙና መጀመሪያ በዓይን እንደሚታየው ይገለጻል፤ መያዣው ላይ ምን ተጽፏል፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ በሦስት አቅጣጫ ስንት ሴንቲሜትር ነው፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ የተቆረጡት ክፍሎች በየትኛው ካሴት (የናሙና ቁራጭ የሚቀመጥበት ትንሽ ሣጥን) ገቡ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ የታየው፣ ከዚያ የበሽታው ስም። ሐኪሙ ናሙናውን በእጁ ይዞ እየቆረጠ ነው የሚያስጽፈው፤ የውሃ ድምፅ አለ፣ ድምፁም ከማይክሮፎኑ ይርቃል። ዋናው ጭንቀት ቁጥርና ፊደል ነው። ካሴት «ኤ 3» የተባለው «ኤ 8» ከሆነ ሌላ ሰው ያንን ቁራጭ መልሶ ሲፈልግ የተሳሳተ ቦታ ያያል። የካንሰር ደረጃ በፊደላትና በቁጥር ስለሚጻፍ እዚያም ግምት አይገባም፤ ካንሰር የተገኘበት የሊምፍ ኖድ (የንፍፊት) ቁጥር ዜሮ ወይም አንድ መሆኑ የታካሚውን ሕክምና ይቀይራል።

ራዲዮሎጂ (የምስል ምርመራ ሪፖርት) አጭር ነው፤ ግን ብዙ ነው። የምርመራው ዓይነት፣ ከየትኛው ቀደምት ምስል ጋር ተነጻጸረ፣ የታየው ነገር፣ መደምደሚያው። ሐኪሙ የተለመደውን ዓረፍተ ነገር ከመልመዱ የተነሣ ይበርበታል፤ ያልተለመደውን ነገር ሲያይ ግን ዝግ ይላል። ዝግ ሲል ንቂ።

አወያይ፦

ውይይቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በርቱ። አንድ ማሳሰቢያ፦ እባካችሁ ምሳሌ ስትሰጡ ከእውነተኛ ሪፖርት የተወሰደ ዓረፍተ ነገር እዚህ አትለጥፉ፤ ስሙ ቢወጣም ዕድሜ፣ ቀንና ያልተለመደ በሽታ አንድ ላይ ሆነው ታካሚውን ሊያሳውቁ ይችላሉ። የማትሰሙትንም ድምፅ ለወዳጅ ልካችሁ «ምን ይላል?» አትበሉ፤ በነፃ በሚሰጡ የኢንተርኔት መተርጎሚያዎችና መገልበጫዎች ላይም አትጫኑ። ለአሜሪካ ሆስፒታሎች የምትሠሩ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን ሂፓ የተባለ የታካሚ መረጃ ምስጢር ሕግ ታውቁታላችሁ፤ ሕጉ ባይመለከታችሁም ታካሚው ያንኑ ምስጢር ጠባቂነት ይጠብቃል።

ሁለተኛ ዓመት፦

ስለ ክፍያ ብናነሣስ? በመስመር ነው የሚከፈለኝ፤ የአንድ መስመር ልክ ከነክፍተቱ 65 ሆሄ ነው። ክሊኒክ ማስታወሻ ላይ ጥሩ ነበር። ቀዶ ሕክምና ስተይብ አንድ የመሣሪያ ስም ፍለጋ ጊዜዬን ይበላውና ገቢዬ ይወርዳል።

አራሚው፦

ይህ የሚያስቆጣኝ ጉዳይ ነው፤ በግልጽ ልናገር። በመስመር ብቻ መክፈል፣ ቃሉን ለማረጋገጥ የቆመውን ሰው ይቀጣል፤ ገምቶ ያለፈውን ይሸልማል። ከዚያ አሠሪው «ትክክለኛነትህ ከ98 በመቶ አይውረድ» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። የምትደራደሩበት ዕድል ካላችሁ የቀዶና የምክክር ሪፖርቶች ዋጋ ከክሊኒክ ማስታወሻ እንዲለይ ጠይቁ፤ ወይም በሰዓት የሚከፍል ቦታ ፈልጉ።

እስከዚያው የሚረዳችሁ ያረጋገጣችሁትን ቃል ሁለተኛ አለመፈለግ ነው። አንድ የመሣሪያ ስም እንዳገኛችሁ በአሳጥሮ መጻፊያ ፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡት፤ በሁለት ሦስት ፊደል ሙሉው ይወጣል። ጥንቃቄም አለው፦ ለሁለት ተቀራራቢ መድኃኒቶች ተቀራራቢ አሕጽሮት አታብጁ። «ያለ» እና «የሌለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም በአሕጽሮት አትያዙ፤ ጣት ሲስት ትርጉሙ ይገለበጣል።

ክርና መርፌ፦

እኔ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሐኪም አንድ ገጽ እይዛለሁ። የታካሚ መረጃ የለበትም። ይህ ሐኪም የትኛውን ክር ይወዳል፣ ቀዶውን በምን ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፣ ቁጥሮችን እንዴት ይጠራል፣ የትኛውን ፊደል ይውጣል የሚለውን ነው። አንድ የአጥንት ሐኪም አለ፤ የቆጠራውን ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል፤ አሁን ሲጀምረው አውቀዋለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፤ ቆጠራው ያልተስማማ ቀን ዓረፍተ ነገሩ ከዚያው ቃል ነው የሚጀምረው።

አዲሷ ጸሐፊ፦

ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሕመም ታሪኩን ቅደም ተከተል አጥንቼ ምክክሮቹ በግልጽ ቀለሉኝ፤ ነባር ጆሮ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የሐኪሞችን ገጽም ጀምሬያለሁ። የሐሞት ከረጢቱን ቀዶ በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ከትሮካሩ እስከ ስፌቱ ያለ ክፍት ቦታ የተየብኩት አለ።

ዛሬ ግን አዲስ ነገር መጣ፤ የጀርባ አጥንት ቀዶ ነው። ላሚኔክቶሚ (ላሚና የሚባለውን የአከርካሪ የኋላ አጥንት ማንሣት) እያደረገ «ኬሪሰን» የሚል ይመስለኛል፤ ከእርሱ ቀጥሎ «ራንጀር» የሚመስል ቃል አለ፤ ከፊቱም 3 የሚል ቁጥር ሰምቻለሁ። ክፍት ትቼዋለሁ። የሚያውቀው አለ?

ክርና መርፌ፦

ትክክል ሰምተሻል፤ ኬሪሰን ሮንጀር ነው። አጥንትን በትንሽ በትንሹ የሚነክስ መሣሪያ ነው፤ ላሚናውን ለማንሣት ይጠቀሙበታል። ቁጥሩ የአፉ ስፋት ነው፤ ሚሊሜትር ማለቱ መሆኑን ድምፁን መልሰሽ አረጋግጪ። ከዚያ በፊት ስፓይነስ ፕሮሰሱን (ከአከርካሪው ወደ ኋላ የሚወጣውን አጥንት) ሲያነሣ «ሌክሴል» ብሎ ከሆነ እርሱም ሮንጀር ነው፤ ግን ሌላ ዓይነትና ትልቅ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ስም አትጻፊያቸው። በራስጌው የትኛው የአከርካሪ ደረጃ እንደተጠራ እዪና በትረካው ካለው ጋር አመሳክሪ፤ ከተለያየ ለሐኪሙ ማስታወሻ አያይዢ።